ስለ ኔትወርክ ስዊች አመራረጥና አጠቃቀም
ለቤትና ለሱቅ ባለቤቶች የቀረበ ማብራሪያ

በአሁኑ ጊዜ የመርካቶ ነጋዴ ሥራ ከመደርደሪያና ከሚዛን አልፎ በኮምፒዩተርና በመረጃ መስመር የሚካሄድ ሆኗል። የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን ከተጀመረበት ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲስፋፋ ቆይቶ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገዢው ዋጋውን በስልክ መክፈሉ፣ ሻጩም የሂሳቡን መግባት በስልክ ማረጋገጡ የዘወትር ተግባር ለመሆን በቅቷል። ከዚህም ሌላ የዕቃ መዝገቡ በኮምፒዩተር፣ ጥበቃው በካሜራ፣ ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር የሚደረገው የዋጋ ንግግር በመልእክት ሆኗል። ነጋዴው ማታ ወደ መኖሪያ ቤቱ ሲመለስም ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚያጠኑት፣ ቤተ ሰቡም ቴሌቪዥን የሚመለከተው በዚሁ ዐይነት መስመር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ መስመር ወደ ቤት መግባቱ ብቻውን ጉዳዩን አይፈጽምም። ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣው ራውተር ኬብል የሚሰካባቸው ፖርቶች ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ዕቃው ሲበዛ ማከፋፈያ ማስፈለጉ አይቀርም። ይህ ማከፋፈያ ስዊች ይባላል። ስለ አጠቃቀሙ በቂ ማብራሪያ ባለመኖሩም ብዙ ሰዎች የማይስማማቸውን ገዝተው ገንዘባቸውን ያባክናሉ፤ በቤታቸው ውስጥ ባለ አንድ የተበላሸ ኬብል ምክንያት የሚመጣውን እክል ሁሉ በመስመሩ ያሳብባሉ፤ ሥራቸውም ያለ በቂ ምክንያት ሲስተጓጎል ይውላል። ስለዚህ ስለ ዕቃው አሠራር፣ አመራረጥና አያያዝ በዚህ ዕትም በዝርዝር ለመግለጽ ወደናል።

ስዊች ማለት ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ በስሙ መሳሳት እንዳይኖር ማሳሰብ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቆች «ስዊች» ሲባል የሚቀርበው የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ነው። እኛ የምንናገርለት ግን «የኔትወርክ ስዊች» የሚባለው፣ ፊቱ ላይ 5፣ 8፣ 16 ወይም 24 አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች በተርታ የተደረደሩበት ትንሽ ሣጥን ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ፖርት ይባላል።

የዚህ ዕቃ ታሪክ የሚጀምረው ኤተርኔት ከተባለው የኮምፒዩተሮች ማገናኛ ዘዴ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሜትካፍ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆኖ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ ዜሮክስ በተባለው ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ አስገኘው። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ወፍራም ኬብል ላይ ተያይዘው በተራ ይነጋገሩ ነበር። በኋላም ሀብ የተባለው ማከፋፈያ ወጣ። ሀብ ከአንዱ ፖርት የገባውን መልእክት ለሁሉም ፖርቶች ይበትናል፤ ይህም በገበያ መካከል ቆሞ የአንዱን ሰው ጉዳይ ለሁሉ ጮኾ እንደሚናገር ሰው ያለ ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ሲናገሩም መልእክቶቹ ይጋጩና ሁለቱም እንደገና ለመላክ ይገደዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ካልፓና የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 7 ፖርቶች ያሉትን የመጀመሪያውን የኤተርኔት ስዊች ለገበያ በማቅረብ ይህን ችግር አቃለለው።

ስዊች የሚሠራው በፖስታ ቤት ሥርዐት ነው ሊባል ይቻላል። እንደሚታወቀው በአገራችን ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲሆን፣ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ የእያንዳንዱን ደብዳቤ ቁጥር ተመልክቶ በተገቢው ሣጥን ውስጥ ብቻ ያስገባዋል። እንደዚሁም ወደ ኔትወርክ የሚገባ ማናቸውም ዕቃ ከፋብሪካው የተሰጠው የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ስዊቹ ከአንድ ፖርት መልእክት ሲገባ የላኪውን ቁጥር አንብቦ «ይህ ቁጥር በ3ኛው ፖርት ላይ ይገኛል» ብሎ በመዝገቡ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ለዚያ ቁጥር የተላከ መልእክት ሲመጣ ወደ 3ኛው ፖርት ብቻ ይመራዋል። የተቀባዩን ቦታ ገና ያላወቀ እንደ ሆነ ግን መልእክቱን ከመጣበት በቀር ለሁሉም ፖርቶች ይልካል፤ መልስ ሲመለስለትም ቦታውን ይማራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ባለቤቱ አንዳችም ነገር ሳያስተካክል ነው፤ ኬብሎቹን መሰካትና ኤሌክትሪክ መስጠት ብቻ ይበቃል።

ስዊች የማይሠራው ሥራ

ገዢዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ስዊች የኢንተርኔትን ፍጥነት የማይጨምር መሆኑን ነው። ስዊች ያካፍላል እንጂ አያበዛም። ወደ ቤት የሚገባው መስመር በሴኮንድ 20 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ በጣም ውድ የሆነ ስዊች ቢገዛ እንኳ ከ20 ሜጋ ቢት በላይ ሊገኝ አይችልም። አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተጠቀሙም የሚካፈሉት ያንኑ 20 ሜጋ ቢት ነው። ፍጥነት እንዲጨምር የሚፈልግ ሰው ውሉን ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ያሻሽል እንጂ ስዊች አይግዛ።

እንዲሁም ተራ ስዊች ዋይ ፋይ አይሰጥም፤ ለኮምፒዩተሮችና ለስልኮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውም እርሱ ሳይሆን ራውተሩ ነው። ስለዚህ ስዊች ሁልጊዜ ከራውተር ኋላ ይቀመጣል እንጂ በራውተር ቦታ አይተካም።

ይህ ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርሳቸው በፍጥነትና ሳይጋጩ ማገናኘቱ ነው። ከኮምፒዩተር ወደ ማተሚያ፣ ከካሜራ ወደ ምስል መቅጃው የሚሄደው መልእክት ኢንተርኔቱን ሳይነካ በስዊቹ በኩል ብቻ ያልፋል። በመሆኑም ከውጭ የሚመጣው መስመር ቢቋረጥ እንኳ ካሜራው መቅዳቱን፣ ማተሚያውም ማተሙን አያቆምም። ግድግዳው ወፍራም በሆነበት፣ የጎረቤት ዋይ ፋይም በበዛበት እንደ መርካቶ ባለ ሠፈር ደግሞ በኬብል የተገናኘ ዕቃ በዋይ ፋይ ከተገናኘው ይልቅ አስተማማኝ ነው።

በአመራረጥ ጊዜ የሚታዩ ነገሮች

አንደኛ፤ የፖርት ብዛት። ከፖርቶቹ አንዱ ከራውተሩ ለሚመጣው ኬብል ስለሚውል፣ ባለ 5 ፖርት ስዊች የሚያገለግለው ለ4 ዕቃዎች ብቻ ነው። አንድ ቤት ኮምፒዩተር፣ ቴሌቪዥን፣ ማተሚያና የካሜራ መቅጃ ካለው ባለ 5 ፖርቱ በመጀመሪያው ቀን ይሞላል። ስለዚህ አሁን ያለውን ዕቃ ቆጥሮ፣ ለራውተሩ አንድ፣ ለወደፊቱም ሁለት ያህል ጨምሮ መግዛት ይገባል። ለብዙው መኖሪያ ቤትና መካከለኛ ሱቅ ባለ 8 ፖርት በቂ ነው። አንዳንድ የጥበቃ ካሜራዎች በቀጥታ ከመቅጃው ጋር በራሳቸው ኬብል የሚገናኙ ስለሆኑ ከስዊቹ ፖርት አይወስዱም፤ ከስዊቹ ጋር የሚገናኘው መቅጃው ብቻ ነው። የኔትወርክ ካሜራ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ አንድ ፖርት ያስፈልጋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን በሚመለከትም፣ ብዙዎቹ በራሳቸው የሲም ካርድ መልእክት የሚልኩ ስለሆኑ ከመቁጠር በፊት የመሣሪያውን አቅራቢ መጠየቅ ይበጃል።

ሁለተኛ፤ ፍጥነት። በካርቶኑ ላይ «10/100» የሚል የተጻፈበት ስዊች በሴኮንድ እስከ 100 ሜጋ ቢት፣ «10/100/1000» ወይም «ጊጋ ቢት» የሚል የተጻፈበት ደግሞ እስከ 1000 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 4 ጊጋ ባይት የሚሆን የካሜራ ቅጂን ከመቅጃው ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር በ100 ሜጋ ቢት ቢያንስ 320 ሴኮንድ፣ ይኸውም ከ5 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በጊጋ ቢት ግን ዕቃዎቹ የሚችሉ ከሆነ 32 ሴኮንድ ያህል ይበቃል። ለኢንተርኔት ብቻ የሚጠቀም፣ መስመሩም ከ100 ሜጋ ቢት የማያልፍ ሰው በአነስተኛው ቢጠቀም ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ስዊች ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ፣ የዋጋው ልዩነት ከባድ ካልሆነ በቀር ጊጋ ቢቱን መምረጥ የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፤ ተራ ነው ወይስ የሚታዘዝ? በገበያ ላይ ሁለት ዐይነት ስዊቾች አሉ። አንደኛው ያለ ምንም ማስተካከያ የሚሠራው ተራ ስዊች ሲሆን፣ ሁለተኛው በኮምፒዩተር እየታዘዘ ኔትወርኩን ወደ ተለያዩ ክፍሎች ለመለየት የሚያስችለው ነው። ለመኖሪያ ቤትና ለአንድ ባለቤት ሱቅ ተራው ይበቃል፤ ከዚህ በላይ መሄድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ሆኖም ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ መስመር ለመጠቀም ቢፈልጉ ነገሩ ሌላ ነው። በተራ ስዊች ላይ የተገናኙ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ይቆጠራሉ፤ የአንዱ ካሜራ መቅጃ ወይም የዕቃ መዝገብ ለሌላው ኮምፒዩተር ክፍት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በመጀመሪያ የአገልግሎት ውሉ ማካፈልን የሚፈቅድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም የሚታዘዘውን ስዊች በባለሙያ አስተካክሎ የየሱቁን ክፍል መለየት ያስፈልጋል። በማናቸውም ሁኔታ የካሜራ መቅጃው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የምስጢር ቃል በተተከለበት ቀን መለወጥ አለበት።

አራተኛ፤ ለካሜራ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስዊች። «ፒ.ኦ.ኢ.» የሚል የተጻፈበት ስዊች መልእክቱንና ኤሌክትሪኩን በአንድ ኬብል ስለሚልክ፣ ለኔትወርክ ካሜራ የተለየ የኤሌክትሪክ ሽቦ መሳብን ያስቀራል። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ መሠረት ለአንድ ፖርት የሚሰጠው እስከ 15.4 ዋት ነው። ይሁንና የስዊቹ ጠቅላላ የዋት መጠን የተወሰነ ስለሆነ መደመር ያስፈልጋል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 8 ዋት የሚፈልጉ 6 ካሜራዎች 48 ዋት ስለሚወስዱ፣ ጠቅላላ ኀይሉ 40 ዋት የሆነ ስዊች አይችላቸውም። ካሜራ የሌለው ወይም ካሜራው በራሱ ሽቦ የሚሠራ ሰው ግን ለዚህ ዐይነቱ ስዊች ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም።

አምስተኛ፤ የኤሌክትሪክ አዳፕተር። ትናንሽ ስዊቾች እንደየሥሪታቸው በ5፣ በ9 ወይም በ12 ቮልት ይሠራሉ። የሁሉም አዳፕተር ሶኬት ሊመሳሰል ስለሚችል፣ ከተከመረ አዳፕተር መካከል የገጠመውን መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። አዳፕተር ሲለወጥ ቮልቱ ከቀድሞው ጋር አንድ፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የመሰኪያው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጥም ተመሳሳይ መሆን አለበት።

ስለ ኬብሉ መታወቅ ያለበት

የስዊቹን ዋጋ ተከራክሮ ካስቀነሰ በኋላ በኬብሉ የሚታለል ገዢ ብዙ ነው። በገበያ ላይ ከሚገኙት ኬብሎች አንዳንዶቹ ሽቦአቸው ጥሩ መዳብ ሲሆን፣ ሌሎቹ ግን ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ ያነሰ ነው፤ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ኤሌክትሪክ ለሚፈልግ ካሜራም የሚሰጠው ኀይል በመንገድ ይቀንሳል። መለያው ቀላል ነው። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በቢላዋ ጠረግ ቢያደርጉት ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ ከሆነ ግን እስከ ውስጡ ድረስ ቀይ ነው። በካርቶን የሚሸጠው ሙሉ ጥቅል ብዙውን ጊዜ 305 ሜትር ሲሆን፣ ከሁለት ተመሳሳይ ጥቅሎች አንዱ እጅግ ቀላል ሆኖ ከተገኘ መጠራጠር ይገባል።

ለጊጋ ቢት «ካት 5ኢ» ወይም «ካት 6» የሚባለው ኬብል ይበቃል። በውስጡ 8 ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተጠምዝዘው ይገኛሉ። በ100 ሜጋ ቢት ጊዜ የሚሠሩት 2 ጥንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ ለጊጋ ቢት ግን 4ቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ጊጋ ቢት ስዊች ተገዝቶ ፍጥነቱ 100 ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የስዊቹ ሳይሆን ከሽቦዎቹ የአንዱ መበጠስ ወይም ኮኔክተሩ በደንብ አለመቆንጠጡ ነው። በብዛት የሚሠራበት የቀለም ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዐይነት መሆን አለበት። የአንድ ኬብል ርዝመትም ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ስለ አቀማመጥና አጠቃቀም

ስዊቹ አየር በሚያገኝበት፣ ውሃና አቧራ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በጨርቅ ጣቃ መካከል ወይም በካርቶን ክምር ሥር መቅበር የሚያደርሰው ጉዳት ግልጽ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ አካባቢ የደረሰው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት ማውደሙ አይዘነጋም። የዚያ አደጋ መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ ሱቅ ከሱቅ በተጠጋጋበት ሠፈር ለኤሌክትሪክ የሚደረገው ጥንቃቄ የአንድ ባለቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለ 5 ፖርት ተራ ስዊች የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከ5 ዋት የማይበልጥ ስለሆነ በራሱ የሚያሰጋ አይደለም። የሚያሰጋው በአንድ ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ሰክቶ ስዊቹን፣ የሻይ ማፍያውንና ማሞቂያውን በአንድነት ማሠራት ነው። የኔትወርክ ኬብልንም ከ220 ቮልት የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ማሳለፍ አይገባም። ከሕንጻ ወደ ሕንጻ በአየር ላይ የሚዘረጋ የመዳብ ኬብል በክረምት ጊዜ መብረቅን ሊስብ ስለሚችል፣ ለእንዲህ ያለው ቦታ ፋይበር ይመረጣል።

መብራት በሚጠፋበትና በሚመለስበት ጊዜ የቮልት መዋዠቅ ሊኖር ስለሚችል፣ ራውተሩንና ስዊቹን በአንድ አነስተኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ማገናኘት ይጠቅማል። ሁለቱ የሚወስዱት ኀይል ጥቂት በመሆኑ መብራት ጠፍቶ እንኳ ሥራው ለጊዜው ሊቀጥል ይችላል።

በአጠቃቀም ረገድ ሁለት ስሕተቶች በተለይ መጠንቀቅን ይሻሉ። የመጀመሪያው የአንድ ኬብል ሁለቱን ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ መሰካት፣ ወይም ሁለት ስዊቾችን በሁለት ኬብሎች ማገናኘት ነው። እንዲህ ሲሆን ለሁሉ የተላከው መልእክት መውጫ አጥቶ ያለ ማቋረጥ ይዞራል፤ በየዙሩም እየበዛ ሄዶ መላውን ኔትወርክ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያቆመዋል። ምልክቱ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት በከፍተኛ ፍጥነት ብልጭ ድርግም ማለታቸው ነው። ይህን የሚከላከለውን ዘዴ ራዲያ ፐርልማን የተባሉ አሜሪካዊት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 አስገኝተዋል፤ ዘዴው ግን በሚታዘዙት ስዊቾች እንጂ ብዙውን ጊዜ በተራዎቹ ላይ ስለማይገኝ፣ የተራ ስዊች ባለቤት ኬብሎቹን በሁለቱም ጫፍ በቁጥር ምልክት ቢያደርግባቸው መልካም ነው።

ሁለተኛው ስሕተት አሮጌ ራውተርን እንደ ስዊች መጠቀም ነው። ይህ ሊደረግ ይችላል፤ ነገር ግን አሮጌው ራውተር አድራሻ የማደሉን ሥራ ካላቋረጠ ሁለት አዳዮች በአንድ ቤት ይሆኑና፣ አንዳንዱ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ሲያገኝ አንዳንዱ ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ በቅድሚያ አድራሻ የማደያ ክፍሉን መዝጋት፣ ቁጥሩንም ከዋናው ራውተር የተለየ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ባለሙያ ከመጥራት አንድ ትንሽ ስዊች መግዛት ይቀል ይሆናል።

እክል ሲደርስ የሚደረግ ምርመራ

«ኔትወርክ የለም» ከማለት በፊት በቅደም ተከተል መመርመር ብዙ ድካም ይቀንሳል። በመጀመሪያ የስዊቹን መብራቶች መመልከት ነው። ምንም መብራት ከሌለ ጉድለቱ የአዳፕተሩ ወይም የኤሌክትሪኩ ነው። የአንድ ፖርት መብራት ብቻ ከጠፋ፣ ያንኑ ኬብል ወደ ሌላ ፖርት ማዛወር ነው፤ ከበራ ጉድለቱ የፖርቱ፣ ካልበራ የኬብሉ ወይም በሌላው ጫፍ ያለው ዕቃ ነው። መብራቶቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ኢንተርኔት ከሌለ፣ አንድ ኮምፒዩተር ስዊቹን አልፎ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ይገናኝ። በዚያ የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ በቤት ውስጥ ነው፤ በዚያም የማይሠራ ከሆነ ያን ጊዜ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ተገቢ ነው። እንዲህ ተመርምሮ የቀረበ አቤቱታ ለሠራተኛውም ሥራውን ያቀልለታል።

በመጨረሻም ለገዢዎች የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት ዕቃን መቁጠርና ርቀትን መለካት፤ በሱቁ ውስጥ ካርቶኑ ተከፍቶ ስዊቹ በኤሌክትሪክ እንዲሞከር መጠየቅ፤ የኬብሉን ጫፍ ጠርጎ መመልከት፤ የዋስትናውን ጊዜ በደረሰኝ ላይ ማስጻፍ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ለዚህ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት በኋላ ሱቅ ተዘግቶ ኬብል ሲፈለግ ከሚባክነው ቀን እጅግ ያነሰ ነው። ሻጮችም በበኩላቸው የመዳቡን ኬብል ከአሉሚኒየሙ፣ የ100ውን ስዊች ከጊጋ ቢቱ ለይተው በስሙ ቢሸጡ፣ ደንበኛቸውን ለዘለቄታው ያገኛሉ፤ የገበያውም መልካም ስም ይጠበቃል።